የዳታ ሴንተር አንደርሌይ ራውቲንግ እንዴት ይዋቀራል? በሁለት ስፓይንና በአራት ሊፍ

የዛሬ ዳታ ሴንተር መረብ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። በላይኛው፣ ኦቨርሌይ በሚባለው፣ የደንበኞች መረቦችና አፕሊኬሽኖች ይኖራሉ። የታችኛው፣ የአንደርሌዩ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የእያንዳንዱን ስዊች የሉፕባክ አድራሻ (ከየትኛውም ፖርት ጋር ያልታሰረ የስዊቹን የራሱን አድራሻ) ለሌሎቹ ማድረስ። ጥሩ አንደርሌይ አሰልቺ ነው፤ ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ከሌለ በደንብ ተሠርቷል ማለት ነው።

ለምሳሌ የያዝኩት ስድስት ስዊች ነው፤ አራቱ ሰርቨሮች የሚሰኩባቸው ሊፎች፣ ሁለቱ ሊፎቹን እርስ በርስ የሚያገናኙ ስፓይኖች። እያንዳንዱ ሊፍ ከሁለቱም ስፓይኖች ጋር ይያያዛል፤ ሊፍ ከሊፍ፣ ስፓይን ከስፓይን ግን አይገናኝም። ስምንት ኬብል ይበቃል። አቀማመጡ ቻርለስ ክሎስ እ.ኤ.አ. በ1953 ለስልክ ማዞሪያዎች ካሳተመው ሐሳብ የወረደ ነው። የትእዛዞቹ አጻጻፍ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ እዚህ የምጽፈው ምን መደረግ እንዳለበትና ለምን እንደሆነ ነው።

መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ

ስዊቹን ከመንካታችሁ በፊት አድራሻዎቹን በወረቀት ላይ ደልድሉ። ስፓይኖቹ ለሉፕባክ 10.0.0.1 እና 10.0.0.2 ይውሰዱ፤ ሊፎቹ ከ10.0.0.11 እስከ 10.0.0.14። ሊፎቹ የቪኤክስላን (የኦቨርሌዩን መረጃ በአይፒ ፓኬት ጠቅልሎ የሚያሻግር ዘዴ) ዋሻ መነሻና መድረሻ ስለሆኑ ሁለተኛ ሉፕባክ ያስፈልጋቸዋል፤ ለእሱ ከ10.0.1.11 እስከ 10.0.1.14 ስጡ። ሁሉም /32፣ ማለትም አንድ ነጠላ አድራሻ፣ ናቸው።

ለኬብሎቹ ሁለት አድራሻ ብቻ የሚይዘው /31 በቂ ነው፤ በአንድ ኬብል ላይ ያሉት ሁለት ጫፎች ብቻ ናቸውና። ቁጥሩ ራሱ እንዲናገር አድርጉት፦ 10.1 ብላችሁ ጀምሩ፣ ሦስተኛው ቁጥር የስፓይኑ ተራ ይሁን፣ በመጨረሻው ቁጥር ሙሉው ለስፓይን፣ ጎዶሎው ለሊፍ ይሁን። በዚህ ስሌት በስፓይን ሁለትና በሊፍ ሦስት መካከል ያለው ኬብል 10.1.2.4 እና 10.1.2.5 ይሆናል። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ባለሙያ አድራሻውን አይቶ የትኛው ኬብል እንደሆነ ካወቀ ድልድሉ ሠርቷል።

ፖርቶቹና ኤምቲዩ

ስፓይንና ሊፍን የሚያገናኙትን ፖርቶች ከስዊችነት ወደ ራውተርነት ቀይሩ፣ አድራሻቸውን ስጡ፣ ከዚያ ኤምቲዩውን (ፖርቱ የሚያሳልፈውን ትልቁን የፓኬት መጠን፣ በባይት) በስምንቱም ኬብሎች፣ በሁለቱም ጫፍ፣ 9216 አድርጉ። ቪኤክስላን በአይፒ ስሪት 4 ላይ ሲሄድ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 50 ባይት ይጨምራል። ሰርቨሩ 9000 ባይት ከላከ አንደርሌዩ ቢያንስ 9050 መሸከም አለበት።

ይህን የምደጋግመው ስለተቃጠልኩበት ነው። አንድ ጊዜ ስፓይን ስንቀይር አንዱን ፖርት 1500 ላይ ረስተነው ቀረ። ቢጂፒው (ስዊቾቹ መንገድ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ተነስቷል፣ ፒንግ ይመልሳል፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ነገር ግን ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላው ፋይል ስንገለብጥ አንዱ በቅጽበት ያልቃል፣ ሌላው ጥቂት ሄዶ ይቆማል፤ እንደገና ሲሞከር ደግሞ ያልፋል። ጭነቱ በሁለቱ ስፓይኖች ላይ ስለሚከፋፈል፣ በጠባቡ ፖርት በኩል የደረሰው ብቻ ነበር የሚታነቀው። ጥፋተኛውን እስክናገኝ ሌሊቱ ነጋ።

ቢጂፒ

ለስድስት ስዊች ኦኤስፒኤፍ የተባለውን ሌላ የራውቲንግ ፕሮቶኮል ቢጠቀሙ ነውር የለበትም። እኔ ቢጂፒን የምመርጠው ላይኛው ፎቅ ኢቪፒኤን (የኦቨርሌዩን አድራሻዎች የሚያሰራጭ ዘዴ) ከሆነ እሱም የሚናገረው ቢጂፒ ስለሆነ ነው፤ አንድ ቋንቋ መማር ከሁለት ይቀላል። በትልልቅ ዳታ ሴንተሮች ያለው ልምድ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 7938፣ ተጽፏል።

ለሁለቱም ስፓይኖች አንድ የኤኤስ ቁጥር (ቢጂፒ በሚያልፍበት መንገድ ላይ የሚመዘግበው መለያ) ስጡ፤ 65000 ይሁን። ለሊፎቹ ግን ለየራሳቸው፦ ከ65011 እስከ 65014። የዚህ ጥበብ የሚታየው ኬብል ሲበጠስ ነው። ሊፍ አንድ ከስፓይን አንድ የሰማውን መንገድ ለስፓይን ሁለት ቢነግረው፣ ስፓይን ሁለት በመንገዱ ውስጥ የራሱን 65000 ያይና ይጥለዋል። ስለዚህ ሊፍ ለሌሎች መተላለፊያ አይሆንም።

ጎረቤትነቱን በኬብሉ አድራሻ መሥርቱ፣ የምታስተዋውቁት ግን ሉፕባኮቹን ብቻ ይሁን። የኬብሎቹን አድራሻ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። መውጫና መግቢያ ላይ 10.0.0.0/24 እና 10.0.1.0/24 ውስጥ ያሉትን /32ዎች ብቻ የሚያሳልፍ ፖሊሲ አስቀምጡ። አርኤፍሲ 8212ን የሚከተሉ ሶፍትዌሮች ያለ ፖሊሲ ምንም መንገድ አይሰጡም፣ አይቀበሉምም፤ ጎረቤቱ ተነስቶ የመንገዱ ቁጥር ዜሮ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ተመልከቱ።

ሁለቱንም ስፓይን በእኩል ለመጠቀም ሊፎቹ ላይ የእኩል መንገዶችን ብዛት ቢያንስ ሁለት አድርጉ። ሁለት ሊፎች ተጣምረው አንድ የቪኤክስላን አድራሻ የሚጋሩ ከሆነ ደግሞ፣ ስፓይኖቹ የተለያየ ኤኤስ ያላቸውን መንገዶች እኩል እንዲቆጥሩ መፍቀድ አለባችሁ፤ ካልፈቀዳችሁ አንዱ ሊፍ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

በብዙ ስዊቾች ላይ የቢጂፒ የሰዓት ልክ (“አለሁ” የሚባልበት ልዩነትና ዝም ያለ ጎረቤት እንደጠፋ እስኪቆጠር የሚጠበቀው ጊዜ) 60 እና 180 ሰከንድ ሆኖ ይመጣል፤ ለኢንተርኔት የታሰበ ነው። 3 እና 9 አድርጉት፣ የማስታወቂያውን መዘግየት ወደ 0 አውርዱ። ኬብል ሲነቀል ስዊቹ ወዲያው ያውቃል፤ መብራቱ በርቶ መረጃ የማያልፍበት ፖርት ግን ያታልላል። ለእሱ ቢኤፍዲን (ጎረቤቱ መኖሩን ቶሎ ቶሎ የሚፈትሽ ፕሮቶኮል) በ300 ሚሊሰከንድና በሦስት ሙከራ አብሩ፤ ብልሽቱ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይታወቃል።

ሲያልቅ መቁጠር

እያንዳንዱ ስፓይን አራት ጎረቤትና ከሊፎቹ የመጡ ስምንት መንገዶች ሊኖሩት ይገባል። እያንዳንዱ ሊፍ ደግሞ ወደ ሦስቱ ጓደኞቹ ስድስት መንገዶች፣ ሁሉም በሁለት በኩል፤ ወደ ስፓይኖቹ ሁለት መንገዶች፣ እያንዳንዳቸው በአንድ በኩል። ስፓይን አንድ የስፓይን ሁለትን ሉፕባክ አያገኝም። አትደንግጡ፤ ከላይ ያልነው የ65000 ጉዳይ ነው።

ከዚያ ከሊፍ ወደ ሊፍ፣ ከሁለተኛው ሉፕባክ ተነስታችሁ፣ ቢያንስ 9050 ባይት የሆነ ፓኬት እንዳይቆራረጥ ምልክት አድርጋችሁ በፒንግ ላኩ። አንድ ፒንግ የሚሄደው በአንድ ስፓይን በኩል ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ስፓይን አንድን ከሥራ አውጡና ሞክሩ፤ እሱን መልሳችሁ ስፓይን ሁለትን አውጡና ድገሙት። ያን ሌሊት ይህን አድርገን ቢሆን ኖሮ ጠባቡን ፖርት በአምስት ደቂቃ እናገኘው ነበር።