ከበረራ በኋላ ዒላማውን የሳተው ጠመንጃዬ

ለዱር አሳማ አደን ወደ ውጭ አገር ስጓዝ ዋናው ስጋቴ የጉምሩክ ወረቀት ነበር። እሱስ በሰላም አለፈ፤ ጠመንጃው በተቆለፈ ጠንካራ ሳጥን፣ ጥይቱ ለብቻው፣ ክብደቱም ብዙ አየር መንገዶች ከሚፈቅዱት 5 ኪሎ ግራም በታች። ችግሩ የመጣው በተኩስ መለማመጃው ላይ ነው። በ100 ሜትር ርቀት የተኮስኳቸው ሦስት ጥይቶች ከመሃል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ፣ ያውም ተበታትነው አረፉ። በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ጫካ መግባት እንስሳን አቁስሎ ለስቃይ መተው ነው።

የማነጣጠሪያ መነጽሩን ማስተካከያ ላዞር እጄን ዘረጋሁ። መበታተኑ ግን አቆመኝ፤ የመነጽሩ ልክ ብቻ ተዛብቶ ቢሆን ኖሮ ጥይቶቹ ተጠጋግተው ባረፉ ነበር። መነጽሩን ይዤ ቀስ ብዬ ስነቀንቀው የኋላው ማሰሪያ ከጣቴ ሥር በጥቂቱ ተንቀሳቀሰ። ብሎኑ በጉዞው መንገጫገጭ ላልቶ ኖሯል! ብሎኖቹን ፈትቼ ዘይታቸውን ጠረግሁ፤ ከዚያ የጥብቀት ልክ በሚያሳይ መፍቻ፣ አምራቹ ባስቀመጠው መጠን አጠበቅኋቸው።

ቀጣዮቹ ሦስት ጥይቶች ተጠጋግተው 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ አረፉ። የእኔ መነጽር ማስተካከያ አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል በ100 ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ስለሚያዛውር አራት ጊዜ ወደ ግራ አዞርኩት። የመጨረሻው ጥይት መሃሉን በሳው። መፍቻው አሁን ከሻንጣዬ አይለይም።