የዕፅዋት መዓዛማ ዘይት ቫይረስን መግታቱን በቤተ ሙከራ መፈተሽ

መዓዛማ ዘይት (አንዳንዶች ቃል በቃል ተርጉመው «አስፈላጊ ዘይት» ይሉታል፤ ስያሜው ግን የመጣው ከተክሉ መዓዛና ምንነት እንጂ ከአስፈላጊነቱ አይደለም) የተጨመረበት የሕዋስ ማሳደጊያ ሳህን ላይ ቫይረስ ሲጠፋ ማየት የተለመደ ነው። ከባዱ ነገር ቫይረሱ በዘይቱ ተመቶ ይሁን ወይስ የሚራባባቸው ሕዋሳት በዘይቱ ተመርዘው ስለሞቱበት መለየት ነው፤ የሥራው ቅደም ተከተልም የሚወሰነው በዚሁ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ዘይቱን የውሁዶቹን ዓይነትና መጠን በሚለዩት በጋዝ ክሮማቶግራፊና በማስ ስፔክትሮሜትሪ አስመርምሩ። የአንድ ተክል ዘይት እንደ አዝመራው ወቅት፣ እንደ አፈሩና እንደ አወጣጡ ስለሚለያይ፣ ይዘቱ ያልታወቀ ዘይት የሚሰጠውን ውጤት ሌላ ሰው ሊደግመው አይችልም። ዘይቱን በጠቆረ የመስታወት ጠርሙስ፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አስቀምጡ። ፕላስቲክ ዘይቱን ስለሚመጥና አንዳንዱም በዘይቱ ስለሚሟሟ፣ ማቅጠኛው ዕቃም መስታወት ቢሆን ይመረጣል።

ዘይት ከውኃ ጋር ስለማይዋሃድ አስቀድሞ በኢታኖል ወይም በዲሜቲል ሰልፎክሳይድ ይሟሟል፤ ሕዋሳቱ ዘንድ የሚደርሰው የማሟሟያ መጠን ግን ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ አድርጉ፤ ማሟሟያው ብቻ የተጨመረበት ማነጻጸሪያም አይቅር።

ቀጥሎ ያለ ቫይረስ የዘይቱን መርዛማነት ለኩ። ቬሮ የተባሉትን የጦጣ ኩላሊት ሕዋሳት ለተለያዩ የዘይት መጠኖች አጋልጣችሁ ኤምቲቲ በተባለ ማቅለሚያ ስትፈትሹ፣ በሕይወት ያሉት ሐምራዊ ቀለም ይሠራሉ፤ የቀለሙም ድምቀት በ570 ናኖሜትር ይነበባል። አንዳንድ የዘይት ውሁዶች ሕዋስ በሌለበትም ኤምቲቲን ስለሚያቀልሙ፣ ዘይትና ኤምቲቲ ብቻ የያዘ ጉድጓድ (በሳህኑ ላይ ካሉት ትንንሽ ጎድጓዳ ክፍሎች አንዱ) መኖር አለበት። ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ትነት ነው፦ ከአንዱ ጉድጓድ የሚተን ዘይት በጎረቤቱ ያሉትን ሕዋሳት ሊገድል ስለሚችል፣ ሳህኑን በማሸጊያ ሸፍኑ፤ ያልታከሙትን ሕዋሳት ደግሞ ለብቻቸው በሌላ ሳህን አኑሩ።

ለቫይረሱ ፈተና የከንፈር ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ፣ ኸርፐስ ሲምፕሌክስ 1፣ ለጀማሪ ይመቻል፤ ሥራው በሥነ ሕይወት ደህንነት ደረጃ 2 ቤተ ሙከራ፣ በደህንነት ካቢኔ ውስጥ ይካሄዳል። ቫይረሱን ከዘይቱ ጋር ለ1 ሰዓት አቆዩትና ድብልቁን በሕዋሳቱ ላይ ከመጨመራችሁ በፊት 100 እጥፍ አቅጥኑት፤ ይህም ቀሪው ዘይት ሕዋሳቱን እንዳይጎዳ ያደርጋል። ቫይረሱ ከሕዋሳቱ ጋር ለ1 ሰዓት በ37 ዲግሪ ከተጣበቀ በኋላ ፈሳሹን አስወግዳችሁ ሜቲልሴሉሎስ በተባለ ወፍራም ፈሳሽ ሸፍኑ፤ ከ2 እስከ 3 ቀን ቆይታችሁ በክሪስታል ቫዮሌት ስታቀልሙ የሞቱት ሕዋሳት ባዶ ክብ ሆነው ይታያሉ። እነዚህን ክቦች ካልታከመው ሳህን ጋር እያነጻጸራችሁ ቁጠሩ።

ያው ሙከራ ዘይቱ ከቫይረሱ በፊት ለሕዋሳቱ ሲሰጥ፣ ቫይረሱ በሚጣበቅበት ሰዓት ሲጨመርና ቫይረሱ ከገባ በኋላ ሲጨመርም ይደገማል፤ በሦስቱም ዘይቱ ከሕዋሳቱ ጋር ስለሚገናኝ፣ ለሕዋስ ጎጂ ካልሆነው መጠን አትለፉ። የኸርፐስ መድኃኒት የሆነው ኤሲክሎቪር ለማነጻጸሪያ የሚሆነው በመጨረሻው ደረጃ ነው፤ የሚሠራው ሕዋስ ውስጥ ስለሆነ ነፃውን ቫይረስ አይነካም።

ግማሹን ሕዋስ የሚገድለው መጠን በሚሊሊትር 200 ማይክሮግራም፣ ቫይረሱን በግማሽ የሚቀንሰው ደግሞ 10 ማይክሮግራም ቢሆን፣ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 20 ይሆናል፤ ወደ 1 ከተጠጋ ግን የለካችሁት የሕዋስ ሞትን ነው። ዘይቱ በነፃው ቫይረስ ላይ ብቻ ከሠራ፣ በሪፖርቱ ላይ «ከሕዋስ ውጪ ያለውን ቫይረስ ያመክናል» ተብሎ ይጻፍ፤ «በሽታውን ያክማል» ለማለት ይህ ሙከራ አያበቃም።