ስናድርና ማርቲኒ ሄንሪ ለምትሰበስቡ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ጦር ጠመንጃ ብዙ ሰው እጅ ላይ የሚበላሸው ከተገዛ በኋላ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ዕቃ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዋጋ ሲያጣ ማየት ያናድዳል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙትን ልንገራችሁ።

ዘንጉ እስከ ታች አልገባም አለ

ይህንን ከሁሉም በፊት አረጋግጡ። የ1853ቱ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኤንፊልድ፣ ማለትም ከስናድር በፊት የነበረው የእንግሊዝ ጦር ጠመንጃ፣ የሚጎርሰው በአፈሙዙ በኩል ነው፤ ባሩዱም እርሳሱም ከፊት ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል። ጎርሶ ሳይተኮስ የተረሳ ጠመንጃ ዛሬም ገበያ ላይ ይገኛል፣ ባሩድ ደግሞ እርጥበት ካላገኘው በዕድሜ ብቻ አይሞትም። ቀጭን የእንጨት ዘንግ አስገቡና አፈሙዙ ጫፍ ላይ ምልክት አድርጉበት፣ ከዚያ አውጥታችሁ ከውጭ ከቱቦው ጎን አስተካክላችሁ ያዙት። የዘንጉ ጫፍ መዶሻው ከሚመታበት ቦታ አጠገብ መድረስ አለበት። ሁለት ሦስት ጣት ካጠረ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። በመሰርሰሪያ አትነካኩት፣ እሳት አታስጠጉት፣ ለባለሙያ ስጡት። ስናድርና ማርቲኒ ከኋላ ስለሚከፈቱ ከፍቶ ማየት ይበቃል።

የማርቲኒው ማንሻ አልንቀሳቀስ አለ

ማርቲኒ ሄንሪ ከቃታው በስተኋላ ያለውን ማንሻ ወደ ታች ሲስቡት ነው የሚከፈተው። ከደረቀ አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም፣ ግራሶው ነው የጠጠረው። በተለይ ኔፓል፣ ካትማንዱ ከሚገኝ አሮጌ ቤተ መንግሥት ወጥተው በ2003 አሜሪካ ገበያ የገቡት ጠመንጃዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት በተከማቸ ግራሶና አቧራ ተሸፍነው ነው የመጡት። ብረቱን ከእንጨቱ ለይታችሁ ነጭ ጋዝ ውስጥ ለቀናት ዘፍዝፉት፣ አየር ባለበትና እሳት በሌለበት ቦታ፤ ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። ማንሻውን በመዶሻ የሚመታ ሰው ካለ አስቁሙት። ካቻቪቴም ስትመርጡ ጫፉ የብሎኑን ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ይሁን፤ የላላ ካቻቪቴ የሚያበላሸው ብሎን አይተካም።

ዝገት ወጣበት፣ ሰደፉም ጠቆረ

ጥቁር ቡናማው ዝገት የቆየ ነው፣ ተዉት። ጣት ላይ የሚቀረው ቀይ ዱቄት ግን ገና እየበላ ያለ ነው፤ ምክንያቱም እርጥበት ነው፣ ወይም በባዶ እጅ መነካካት። ቀለል ያለ ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩትና በአሮጌ የመዳብ ሳንቲም ጠርዝ ቀስ እያላችሁ ፋቁት። መዳቡ ከብረቱ ስለሚለሰልስ ዝገቱን ያነሳል እንጂ ብረቱን አይቧጭርም። እንጨቱ ላይ ደግሞ በጨርቅ የተቀባ ትንሽ የተልባ ዘይት በቂ ነው። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ አትጣሉት፣ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግታችሁ አድርቁት። የብርጭቆ ወረቀት ግን በፍጹም! ሰደፉ ላይ በስተቀኝ ያለው ክብ የፋብሪካ ማህተም አንዴ ከተፋቀ የሚመልሰው የለም።

ያለ ፈቃድ ይያዛል ተብዬ ነበር

አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል ሕግ መስመሩ ዓመቱ ነው፦ እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል። እንግሊዝ ውስጥ ግን የጥይቱ ዓይነትም ይታያል። ዋናው የማርቲኒ ሄንሪ ጥይት ከአገልግሎት ከወጡት ዝርዝር ውስጥ ስላለ ጠመንጃው ለጌጥ ብቻ እስከተቀመጠ ድረስ ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ከማርቲኒ በኋላ የመጣው ሊ ሜትፎርድ ጠመንጃ ግን .303 የሚባለውን ጥይት ስለሚተኩስ ፈቃድ ይፈልጋል። አደናጋሪው ወደ .303 የተቀየረው ማርቲኒ ነው፣ ከሩቅ ወንድማማች ይመስላሉ። አፈሙዙን ለኩ፦ የዋናው 11 ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው፣ የተቀየረው ወደ 7.7 ነው።

ማህተሙ አላማረኝም

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የማርቲኒን ቀኝ ጎን፣ የስናድርን ደግሞ መዶሻው ያለበትን የጎን ብረት በማጉያ መነጽር እዩ። ዘውድ፣ ከሥሩ የንግሥቲቱ ሁለት ፊደሎች፣ የፋብሪካ ስምና ዓመት ታገኛላችሁ። ቪክቶሪያ የሞተችው በጥር 1901 ነው። የእሷ ፊደል ከ1905 ጋር አንድ ላይ ከተቀመጠ ያ ጠመንጃ የእንግሊዙን የኤንፊልድ ፋብሪካ አያውቀውም፣ በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን ድንበር ካለው ከኸይበር መተላለፊያ አካባቢ አንጥረኞች እጅ የወጣ ነው። ሌላም ምልክት አለው፦ መስመር የሳተ ፊደል፣ የተገለበጠ ፊደል፣ ሆሄው የተሳሳተ «ኤንፊልድ»፣ ቅርጹ የጠመመ ዘውድ። ከ2001 በኋላ አፍጋኒስታን የነበሩ ወታደሮች ብዙ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ገዝተው ተመልሰዋል። የእጅ ሥራው በራሱ የሚደነቅ ነውና ግዙት፣ ግን በራሱ ዋጋ፣ ደግሞም ለመተኮስ እንዳታስቡ፤ ብረቱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የኔፓል ቁጥር የተቀረጸበትን ግን ከዚህ ጋር አትደባልቁ። እሱ የኔፓል ጦር ትክክለኛ ንብረት ነው።

ሻጩ «ይሄ ስናድር መቅደላ ነበር» ይላል

እኛን ሐበሾችን በቀላሉ የሚይዘን ይሄ ነው። የናፒየር ጦር በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. አሮጌ በሚባለው ቦታና መቅደላ ላይ ሲዋጋ የእንግሊዝ እግረኞች ስናድር ይዘው ነበር፣ ጦር መሣሪያው በ1866 ገና የጸደቀ አዲስ ነገር ነበር። ወሬው ለዚህ ነው እውነት የሚመስለው። እናንተ ግን መጀመሪያ ዓመቱን እዩ። የጎን ብረቱ 1870 ካለ አልነበረም፣ አለቀ። የኋላ መክፈቻው ላይ መቆለፊያ ካለው ሦስተኛው ዓይነት ነው፣ እሱም ከዘመቻው በኋላ የመጣ ነው። በተቃራኒው 1862 ስላለም አትደሰቱ፦ የመጀመሪያዎቹ ስናድሮች የቀድሞው ኤንፊልድ ከኋላው ተቆርጦ የተሠሩ ስለሆኑ ዓመቱ የአሮጌው ጠመንጃ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሰደፉ ናስ ላይ የክፍለ ጦር ቁጥር ፈልጉ። 4ኛው ወይም 33ኛው ከሆነ ልብ ይመታል፣ ሁለቱም እዚያ ነበሩ። የህንድ ክፍል ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ እነሱ በዚያን ጊዜ በብዛት የያዙት በአፈሙዝ የሚጎርሰውን አሮጌውን ነበር።

ይህም ቢሆን ክፍለ ጦሩ መቅደላ ነበር ማለት ያቺ ጠመንጃ ነበረች ማለት አይደለም። ከባለቤት ባለቤት የተላለፈ የጽሑፍ ማስረጃ ጠይቁ። ከሌለ የተራ ስናድር ዋጋ ንገሩት፣ እምቢ ካለ ተዉት።