ጋደም ሲሉ የሚነሳ ሳል እና የእራት ጣጣው

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። የሳል ሽሮፕ ፈልጎ የመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው "መቼ ነው የሚያስልህ?" ብዬ ነው።

ከጉንፋን ጋር የመጣ ሳል፦ አጥሚት፣ ትኩስ ሾርባ፣ ማታ አንድ ማንኪያ ማር። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በፍጹም አይሰጥም፤ በጣት ጫፍ ማላስም የለም! ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። ስኳር አፍልተው ማር ነው ብለው የሚሸጡ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል። ማር ስለረጋ ብቻ ግን ተበርዟል አትበሉ፤ ንጹህ ማርም ይረጋል።

የደም ግፊት መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የመጣ ደረቅ ሳል፦ ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት መድኃኒት ያመጣው ሊሆን ይችላል። በራሳችሁ አታቁሙት፤ ሐኪም ይቀይርላችሁ።

ጋደም ሲሉ የሚነሳ ሳል፦ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። ቀን ደህና ይዋላል። ጎን ሲያርፍ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ጠዋት አፍ ይኮመጥጣል፣ ድምፅ ይጎረናል። ብዙ ጊዜ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ ጉሮሮን ሲነካ ነው። ሰዉ ደግሞ ሎሚ፣ ሚጥሚጣ፣ አረቄ ይጨምርበታል። እባካችሁ ተዉ፤ እሳቱን ነው የምታባብሱት።

አንዲት እናት ለሦስተኛ ጊዜ ሽሮፕ ሊገዙ መጡ። ለቲቢ የአክታ ምርመራ አድርገዋል፣ ነጻ ናቸው።

"እናቴ፣ እራት ስንት ሰዓት ይበላሉ?"

"ሱቅ ዘግቼ ስገባ ነዋ፣ ሦስት ተኩል።"

ሽሮ በቃሪያ፣ ከዚያ ቡና፣ አራት ሰዓት ላይ መኝታ። ከመተኛታቸው በፊት ለሳሉ ብለው ሎሚ በዝንጅብል ይጠጣሉ!

ሽሮፑን አልሸጥኩላቸውም። እራቱን ምሳ ዕቃ ይዘው አንድ ሰዓት ላይ ሱቅ ውስጥ እንዲበሉ ተስማማን፤ አልጫ፣ ጥቂት ጥቂት። ከእራት እስከ መኝታ ሦስት ሰዓት ይቆዩ። ቡናው ወደ ጠዋት ዞረ። ትራስ መደራረብ ሆድ ያጥፋል፤ ስለዚህ የአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር እንጨት ገብቶ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ቻሉ።

የፋሲካ ማግስት ግን እያሳሉ መጡ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት በዶሮ ወጥ ጾም ፈትተው ወዲያው ተኝተዋል። ዶሮውን አልከለከልኳቸውም። ትንሽ ቀምሰው፣ ቁጭ ብለው እንዲያነጉ፣ ዋናውን ቀን እንዲበሉ ነገርኳቸው።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ግን የእራት ነው ብላችሁ አትገምቱ። መጀመሪያ ለቲቢ ተመርመሩ። ደም ካለው፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሌሊት የሚያልብ ከሆነ ዛሬውኑ ሂዱ።