ኩበርኔቲስ ላይ ሌብል እንዴት እንጠቀም?

ኩበርኔቲስ ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስኬድና የሚያስተዳድር ሥርዓት ነው። ክላስተሩ (የማሽኖቹ ስብስብ) ውስጥ ፖድ (ፕሮግራሙ የሚሮጥበት ትንሹ ክፍል) ሲበዛ በስም መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ዲፕሎይመንት (ፖዶችን የሚያስነሳና የሚተካ) የሚፈጥራቸው ፖዶች ስማቸው ጫፍ ላይ የዘፈቀደ ፊደልና ቁጥር ይቀጠልበታል፤ ዛሬ የያዛችሁት ስም ፖዱ ሲተካ አብሮ ይጠፋል። ሌብሉ፣ ማለትም ፖዱ ላይ የሚለጠፈው መለያ፣ ግን አዲሱም ፖድ ላይ አለ። በእሱ ፈልጉ።

ሌብል ቁልፍና እሴት ነው፤ ለምሳሌ «አፕ=ክፍያ»፣ «ኤንቭ=ፕሮድ» (ኤንቭ የሚሮጥበት አካባቢ ነው)። ያምሉ (የፖዱን ዝርዝር የምንጽፍበት ፋይል) ላይ ሜታዳታ በሚለው ክፍል ሥር ይገባል። የሚቀበለው የላቲን ፊደልና ቁጥር፣ መሀል ላይ ደግሞ ሰረዝ፣ ነጥብና የግርጌ ሰረዝ ብቻ ስለሆነ የእኔን ምሳሌዎች ስትሞክሩ በላቲን ተይቡ። እሴቱ ከ63 ካራክተር አይበልጥም። ሁልጊዜም ስትሪንግ ነው፤ ስለዚህ «ትሩ» ወይም 1 ከሆነ ያምሉ ውስጥ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት፣ አለዚያ አይቀበላችሁም።

የትኞቹን ቁልፎች እንምረጥ? እኔ በጥቂቱ ጀምሩ ባይ ነኝ፦ አፕ፣ ኤንቭ፣ ቲም። ዋናው ነገር አጻጻፉ ላይ ሁሉም የቡድኑ አባል መስማማቱ ነው። አንዱ «ፕሮድ» ሌላው «ፕሮዳክሽን» ካለ ሁለት የተለያዩ እሴቶች ናቸው፣ ትልቅና ትንሽ ፊደልም ይለያል፣ ፍለጋችሁም ግማሹን ብቻ ያመጣል። የማትፈልጉበትን መረጃ፣ ለምሳሌ ረጅም ማብራሪያ ወይም ሊንክ፣ አኖቴሽን (ለማጣራት የማያገለግል ማስታወሻ) ላይ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ማጣራቱ። ኩብሲቲኤል ክላስተሩን የምናዝበት የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ነው። «ኩብሲቲኤል ጌት ፖድስ» በሉና ሰረዝና ትንሿን ኤል አስከትላችሁ «አፕ=ክፍያ» ጨምሩ። በትልቁ ኤል የቁልፉን ስም ከሰጣችሁት ደግሞ አያጣራም፣ እሴቱን እንደ ዓምድ ያሳያችኋል። ሁለት ቅድመ ሁኔታ በኮማ ስታገናኙ «እና» ማለት ነው፣ ሁለቱም መሟላት አለባቸው። «ወይም» የሚባል ነገር የለም፤ ግን ለአንድ ቁልፍ ብዙ እሴት ከፈለጋችሁ «ኤንቭ ኢን» ብላችሁ ቴስትንና ስቴጂንግን ቅንፍ ውስጥ አስገቡ። ቅንፉን ሼሉ (ተርሚናል ላይ ትእዛዙን የሚያነበው ፕሮግራም) እንዳያበላሸው ሙሉውን በነጠላ ጥቅስ ያዙት። አንድ ልብ በሉ፦ «ኤንቭ!=ፕሮድ» ስትሉ ኤንቭ የሚባል ሌብል ጭራሽ የሌላቸውም አብረው ይመጣሉ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ሌብልን ለፍለጋ ብቻ አድርጎ ማየት ግን ትልቅ ስህተት ነው። ሰርቪስ (ጥያቄዎችን ወደ ፖዶች የሚያደርስ) ትራፊክ የሚልክለትን ፖድ የሚያውቀው በሌብል ነው። ዲፕሎይመንትም የራሱን ፖዶች የሚለየው በዚያው ነው፣ ኖድ (የክላስተሩ ማሽን) ላይ ሌብል ለጥፋችሁ አንድ ፖድ ኤስኤስዲ ያለው ማሽን ላይ ብቻ እንዲሄድ ማድረግም ትችላላችሁ። ሰርቪሱ ምንም ፖድ አላገኝ ካለ መጀመሪያ ሰሌክተሩን (የሚፈልገውን ሌብል የሚገልጸውን ክፍል) እና የፖዱን ሌብል ፊደል በፊደል አስተያዩ።

በጣም የምወደው አጠቃቀም እዚህ ጋ ይመጣል። አንድ ፖድ ተበላሽቶ ምክንያቱን ማጥናት ፈለጋችሁ እንበል። አትግደሉት። «ኩብሲቲኤል ሌብል ፖድ» ብላችሁ ስሙን ጻፉና መጨረሻ ላይ የቁልፉን ስም ከነሰረዝ «አፕ-» አድርጉ። ሰሌክተሩ በአፕ የሚፈልግ ከሆነ ሰርቪሱ ትራፊክ መላክ ያቆማል፣ ሬፕሊካሴቱ (ዲፕሎይመንቱ የፖዶቹን ቁጥር የሚጠብቅበት) ወዲያው ምትክ ያስነሳል፣ የተበላሸው ፖድ ደግሞ ሎጉንና ፕሮሰሱን እንደያዘ ለምርመራ ይቀመጥላችኋል። ስትጨርሱ በእጃችሁ አጥፉት፤ ባለቤት የለውም።

በእጅ የለጠፋችሁት ሌብል ግን ፖዱ ሲተካ አይተላለፍም። እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ዲፕሎይመንቱ ውስጥ ቴምፕሌቱ (አዳዲስ ፖዶች የሚሠሩበት ንድፍ) ላይ ጻፉት። የዲፕሎይመንት ሰሌክተር ደግሞ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ አይለወጥም። ስለዚህ ቨርዥንን የመሰለ ተለዋዋጭ ነገር ሰሌክተሩ ውስጥ አትክተቱ፣ ቴምፕሌቱ ላይ ይበቃል።

በሌብል ስታጠፉ መጀመሪያ በዚያው ማጣሪያ «ጌት» ብላችሁ የሚመጣውን ዝርዝር አንብቡ፣ ከዚያ ብቻ «ዲሊት» በሉ። ፖዶቹን ብቻ ካጠፋችሁ ዲፕሎይመንቱ መልሶ ያስነሳቸዋል፤ ራሱን ዲፕሎይመንቱን አጥፉ። «ዲሊት ኦል» የሚለውም ስሙ እንደሚለው ሁሉንም አያጠፋም፦ ኮንፊግማፕና ሲክሬት (የቅንብርና የምስጢር መረጃ መያዣዎች) ይቀራሉ፣ እነሱን ለማጥፋት የዓይነታቸውን ስም ለይታችሁ ጻፉ።