በማስመሪያ፣ በመስታወትና በመጽሐፍ የአንጎልን የሥራ ጊዜ እንዴት መለካት ይቻላል

የሚወድቅ ነገር ከታየበት ቅጽበት አንሥቶ ጣቶች እስኪጨብጡት ድረስ፣ በአብዛኛው ጤናማ ጎልማሳ ዘንድ ወደ 200 ሚሊ ሴኮንድ፣ ማለትም የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ያልፋል። ይህ ለእኛ ዐይን ከመክደን የማይረዝም ጊዜ ይመስላል፤ አንዲት የነርቭ ሕዋስ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ለመልቀቅ የሚበቃት ግን 1 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ስለሆነ፣ በነርቭ ሕዋስ ሚዛን እጅግ ረጅም ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማየት፣ መወሰንና መንቀሳቀስ የምንላቸው ሦስት ሥራዎች ተጠናቀዋል። የራስ ቅል ሳይከፈትና ውድ መሣሪያ ሳይገዛ ስለ እነዚህ ሥራዎች ብዙ ነገር ማወቅ የሚቻለው የሚወስዱትን ጊዜ በመለካት ነው። ይህ መመሪያም ማስመሪያ፣ መስታወት፣ የግድግዳ ሰዓትና ከበድ ያለ መጽሐፍ አዘጋጅቶ፣ ከአንድ ረዳት ጋር ልኬቱን በራሱ ላይ መሞከር ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥሩ የፊዚዮሎጂ መምህር ዮሃንስ ሙለር የነርቭ መልእክት ፍጥነት ሊለካ ይችላል ብሎ አያምንም ነበር። የገዛ ተማሪው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1850 የእንቁራሪትን ነርቭ ከጡንቻው በተለያየ ርቀት ላይ በኤሌክትሪክ እየቀሰቀሰ፣ ጡንቻው ለመኮማተር የሚፈጅበትን ጊዜ በማነጻጸር ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ መሆኑን አሳየ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1868 የሆላንዱ ሐኪም ፍራንሲስከስ ዶንደርስ ልኬቱን ከነርቭ ወደ አስተሳሰብ አሻገረው። አንድ ሰው ለአንድ ምልክት ብቻ ምላሽ ሲሰጥ የሚፈጅበትን ጊዜ፣ ከሁለት ምልክቶች መርጦ ምላሽ ሲሰጥ ከሚፈጅበት ጊዜ ላይ ብንቀንሰው፣ የሚተርፈው የመምረጫው ጊዜ ነው ሲል አስረዳ። እኛም የምናደርገው በመሠረቱ ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ቀላሉን ምላሽ መለካት ያስፈልጋል። ክንድዎን ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አሳርፈው እጅዎ ብቻ ወደ ውጭ እንዲወጣ ያድርጉ፤ አውራ ጣትዎንና ጠቋሚ ጣትዎን በሁለት ወይም በሦስት ሴንቲ ሜትር ያራርቁ። ረዳትዎ የ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ዜሮው ወደ ታች ሆኖ፣ ከጣቶችዎ መካከል፣ ሳይነካቸው እንዲንጠለጠል አድርጎ ከላይኛው ጫፍ ይያዝ። ከዚያም ምንም ሳይናገር ይልቀቀው፤ እርስዎም እንዳዩት ወዲያውኑ ይጨብጡትና ከአውራ ጣትዎ በላይ የሚታየውን ቁጥር ይመዝግቡ። ረዳቱ ከመልቀቁ በፊት የሚቆይበትን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ሴኮንድ እያለዋወጠ ካልለቀቀ በቀር ልኬቱ ዋጋ የለውም፤ አንጎል ተደጋጋሚ ምትን በፍጥነት ስለሚለምድ ምላሹ ወደ ግምት ይለወጣልና። ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች የተያዘ ማስመሪያ በአብዛኛው የግምት ውጤት ስለሆነ ይሰረዝ። 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ወደ 100 ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ በአትሌቲክስ የአጭር ርቀት ሩጫም ከተኩሱ በኋላ 100 ሚሊ ሴኮንድ ሳይሞላ የተነሣ ሯጭ ድምፁን ሰምቶ ሳይሆን ገምቶ እንደተነሣ ይቆጠርበታል።

ሴንቲ ሜትሩን ወደ ጊዜ ለመለወጥ ቁጥሩን ለ490 አካፍሎ የውጤቱን ስኩዌር ሩት መውሰድ ይበቃል፤ መልሱ በሴኮንድ ይገኛል። በዚህ ስሌት 15 ሴንቲ ሜትር 175 ሚሊ ሴኮንድ፣ 20 ሴንቲ ሜትር 202 ሚሊ ሴኮንድ፣ 25 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 226 ሚሊ ሴኮንድ ይሆናል። ማስመሪያው ሲወድቅ ፍጥነቱ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ሁለት ውጤቶች ሲነጻጸሩ መቀናነስ ያለበት ሴንቲ ሜትሩ ሳይሆን ጊዜው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 25 ጊዜ ሞክረው የመጀመሪያዎቹን 5 ለልምምድ ይተዉአቸው፤ የቀሩትን 20 ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድረው ከ10ኛውና ከ11ኛው መካከል ያለውን ዋጋ ይውሰዱ። አማካይ ከመውሰድ ይልቅ ይህ ይመረጣል፤ ሐሳብዎ ለአንድ አፍታ የባዘነበት አንድ ሙከራ አማካዩን ሊያዛባው ይችላል፣ የመካከለኛውን ዋጋ ግን እምብዛም አይነካውም።

እነዚያ 200 ሚሊ ሴኮንዶች የት ሄዱ? ብርሃኑ ሬቲና፣ ማለትም የዐይን የኋለኛው ውስጠኛ ሽፋን ላይ ሲያርፍ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት የሚለውጡት በተከታታይ ኬሚካዊ ለውጦች አማካይነት ስለሆነ ይህ ብቻውን በአስር የሚቆጠሩ ሚሊ ሴኮንዶችን ይበላል፤ መልእክቱም በአንጎል የኋለኛ ክፍል ወደሚገኘው የእይታ ኮርቴክስ (ኮርቴክስ የአንጎል ውጫዊ ሽፋን ነው) የሚደርሰው 50 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። በሌላኛው ጫፍ፣ ትእዛዙ ከእንቅስቃሴ ኮርቴክስ ተነሥቶ በህብለ ሰረሰር በኩል እጅ ለመድረስ አንድ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰው ክንድ ውስጥ ያሉት ፈጣን ነርቮች በሴኮንድ ከ50 እስከ 60 ሜትር ስለሚያስጉዙ መንገዱ የሚፈጀው 20 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ነው። ጡንቻው ትእዛዙን ተቀብሎ በቂ ጉልበት እስኪያመነጭ ድረስም ሌሎች በርካታ ሚሊ ሴኮንዶች ያልፋሉ። የቀረው፣ የጠቅላላውን ግማሽ ገደማ የሚሆነው ጊዜ፣ በመሀል ያሉት የነርቭ ሰንሰለቶች ድርሻ ነው። በሰንሰለቱ ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ሕዋስ በእረፍት ላይ ሳለች በውስጧና በውጭዋ መካከል የ70 ሚሊ ቮልት ገደማ ልዩነት ይዛ ትቆያለች፤ በሺህ ከሚቆጠሩ ሲናፕሶቿ፣ ማለትም ከሌሎች ሕዋሳት ጋር ከምትገናኝባቸው ነጥቦች፣ የሚመጡት ጥቃቅን ግፊቶች ተደምረው ይህን ልዩነት እስከ አንድ ወሰን ካላጠበቡት በቀር አትተኩስም፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምት አትለቅም። መዘግየቱ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ አንድ የተሳሳተ ምት እጃችንን እንዳያንቀሳቅሰው የሚደረግ የድጋፍ ማሰባሰብ ሥራ ዋጋ ነው።

በመቀጠል ዐይንዎን ጨፍነው፣ ረዳትዎ ማስመሪያውን በሚለቅበት ቅጽበት በሌላው እጁ ትከሻዎን መታ እንዲያደርግ በመስማማት ሙከራውን ይድገሙ። የረዳቱ ሁለት እጆች ፍጹም እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ውጤቱ ይበልጥ የተበታተነ ይሆናል፤ ስለዚህ የሙከራውን ቁጥር ወደ 40 ከፍ ማድረግ ይበጃል። በትክክል ሲለካ ለንክኪም ሆነ ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ ለብርሃን ከሚሰጠው በበርካታ ሚሊ ሴኮንዶች ይቀድማል። ምክንያቱ ሕዋሳቱ ምልክቱን የሚቀበሉበት መንገድ ነው፦ በቆዳና በጆሮ ያሉት ተቀባዮች በሮቻቸውን የሚከፍትላቸው ግፊትና መሳብ ነው፣ በዐይን ውስጥ ያሉት ግን ኬሚካዊ ሰንሰለቱ እስኪጠናቀቅ መጠበቅ አለባቸው።

አሁን ምርጫውን እንጨምር። ረዳትዎ በሁለቱ እጆቹ ሁለት ማስመሪያዎች ይይዛል፣ እርስዎም ሁለቱንም እጆችዎን ያዘጋጃሉ፤ የሚለቀቀው ግን አንዱ ብቻ ነው። የትኛው እንደሚለቀቅ ረዳቱ አስቀድሞ ሳንቲም እየወረወረ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ሰው ያለ ሳንቲም ቅደም ተከተል ሲፈጥር ሳያውቀው ያፈራርቃልና። የ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ በ247 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ከጣት ስለሚያመልጥ ለዚህ ሙከራ 50 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሚረዝም ይመረጣል። ያልተለቀቀውን መጨበጥ፣ ወይም ሁለቱንም እጆች ባንድነት መዝጋት እንደ ስሕተት ይመዘገባል። ለምሳሌ ቀላሉ ምላሽ 20 ሴንቲ ሜትር፣ የምርጫው ምላሽ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 45 ሚሊ ሴኮንድ ይሆናል፤ ዶንደርስ የምርጫ ጊዜ ያለው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ዊልያም ሂክ የተባለ ተመራማሪ እንዳሳየው የአማራጮቹ ቁጥር እጥፍ በሆነ ቁጥር በምላሹ ላይ የሚጨመረው ጊዜ በግምት እኩል ነው፤ ከሁለት ወደ አራት የሚያሸጋግረውና ከአራት ወደ ስምንት የሚያሸጋግረው ተቀራራቢ ነው ማለት ነው።

ይህን ሙከራ ሲያጠናቅቁ እዚያው አያቁሙ፤ በእኔ እምነት የመመሪያው ፍሬ ያለው ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው። ሃያ ጊዜ «ቢሳሳቱም ይፍጠኑ» በሚል ትእዛዝ፣ ሌላ ሃያ ጊዜ ደግሞ «ቢዘገዩም አይሳሳቱ» በሚል ትእዛዝ ይሞክሩና ጊዜውንም የስሕተቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፉ። ጊዜው ሲያጥር ስሕተቱ እንደሚበዛ ይመለከታሉ። ዐይኖቹ ያው ናቸው፣ ነርቮቹም ያው ናቸው፣ ማስመሪያው የሚወድቀውም በዚያው ፍጥነት ነው፤ የተለወጠው አንጎል «በቂ ማስረጃ አግኝቻለሁ» የሚልበት ወሰን ብቻ ነው።

ለዚህ ወሰን በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የሚታይ አምሳያ ተገኝቶለታል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ኒውሰምና ባልደረቦቹ ዝንጀሮዎችን አሠልጥነው፣ በስክሪን ላይ በዘፈቀደ ከሚንቀሳቀሱ ነጥቦች መካከል ጥቂቶቹ በአንድነት ወደየት እንደሚሄዱ በዐይናቸው እንዲጠቁሙ አደረጉ። እንቅስቃሴን በሚከታተለው የእይታ ኮርቴክስ ክፍል ውስጥ እያንዳንዷ ሕዋስ የምትመርጠው አቅጣጫ አላት። እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ ባደረጉት ሥራ፣ አንድን አቅጣጫ ለሚመርጥ የሕዋሳት ስብስብ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲሰጡ የእንስሳው ምርጫ ወደዚያው አቅጣጫ አዘነበለ። የሕዋሳቱ መተኮስ ከማየት ጋር አብሮ የሚታይ ክስተት ብቻ ሳይሆን የውሳኔው መንሥኤ አካል እንደሆነ በዚህ ታወቀ። ኋላ ላይ በላይኛው የአንጎል ጎን፣ በፓራይታል ኮርቴክስ፣ ማስረጃው እየተጠራቀመ ሲሄድ መተኮሳቸው ቀስ በቀስ የሚጨምር፣ ልክ ከውሳኔው በፊት ወደ ተመሳሳይ ከፍታ የሚደርስ ሕዋሳት ተገኙ፤ ብዙ ሰው የውሳኔው መቀመጫ ይህ ነው ብሎ ደመደመ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ይህ ክፍል ለጊዜው ሥራ እንዲያቆም ሲደረግ የእንስሶቹ ምርጫ እምብዛም አልተለወጠም። ስለዚህ አንድ ሕዋስ ከውሳኔ ጋር አብሮ ሲተኩስ ማየት ውሳኔውን እሱ ሠራው ለማለት አይበቃም፤ የእርስዎንም 45 ሚሊ ሴኮንድ ለአንድ የአንጎል ክፍል ከመስጠት ይቆጠቡ። በዶንደርስ መቀነስ ላይ የሚቀርበው የቆየ ነቀፌታም ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ መቀነሱ ምርጫ ሲጨመር ሌሎቹ እርከኖች ሳይለወጡ ይቀራሉ ከሚል ግምት ይነሣል፣ ነገር ግን ሁለት እጆችን ማዘጋጀት ራሱ አንዱን ከማዘጋጀት የተለየ ሥራ ነው።

ሁሉም መንገድ እንዲህ ዘገምተኛ አይደለም። አንድ የታተመ ገጽ በክንድ ርቀት ይዘው በሴኮንድ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ግራና ቀኝ ቢያወዛውዙት ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ፤ ገጹን አቁመው በዚያው ፍጥነት ራስዎን ቢያወዛውዙ ግን ያለ ችግር ያነቡታል። አንገታቸውን የሚያማቸው ወይም የሚያዞራቸው ሰዎች ይህን ሙከራ ይለፉት። ገጹ ሲወዛወዝ ዐይን የሚከተለው በእይታ ተመርቶ ስለሆነ 100 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። ራስ ሲወዛወዝ ግን መልእክቱ የሚነሣው ከውስጥ ጆሮ ነው፤ በአንጎል ግንድ በኩል የዐይን ጡንቻ ለመድረስ የሚያስፈልጉት ሦስት ሕዋሳት ብቻ ስለሆኑ ዐይን በ10 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ውስጥ በተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራል። ይህን አጭር መንገድ የሚያስተካክለው ሴሬቤለም የተባለው በአንጎል የኋለኛ ታችኛ ጎን ያለ ክፍል ነው፤ አዲስ መነጽር ያደረገ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓለም የሚዋልልበት ማስተካከያው እስኪጠናቀቅ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይረጋለታል።

መስታወቱና ሰዓቱ ረጅም ማብራሪያ አይፈልጉም። በመስታወት ፊት ቆመው የግራ ዐይንዎንና የቀኝ ዐይንዎን እያፈራረቁ ቢመለከቱ፣ አጠገብዎ የቆመው ረዳት ዐይኖችዎ ሲንቀሳቀሱ በግልጽ ያያል፣ እርስዎ ግን ፈጽሞ አያዩም፤ ዐይን በሚዘልበት በዚያች አጭር ጊዜ አንጎል የእይታውን መልእክት ያዳክመዋል። ከዚያ ወዲያ ማዶ ተመልክተው በድንገት ዐይንዎን በየሴኮንዱ ወደሚዘለው የሰዓት ቆጣሪ ቢያዞሩ፣ የመጀመሪያዋ ሴኮንድ ከሚቀጥሉት የረዘመች ትመስላለች፤ የጎደለው ጊዜ በኋላ ከታየው ነገር ተወስዶ ይሞላልና።

በመጨረሻ መጽሐፉን ይውሰዱ። ክርንዎን አጥፈው መዳፍዎን ወደ ላይ ዘርግተው አንድ ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነውን መጽሐፍ ያስቀምጡበትና ዐይንዎን ይጨፍኑ። ረዳትዎ ሳይናገር መጽሐፉን ሲያነሣው መዳፍዎ ወደ ላይ ይዘላል። መልሰው ያስቀምጡና አሁን በሌላው እጅዎ ራስዎ ያንሡት፤ መዳፍዎ ባለበት ይረጋል። በሁለተኛው ጊዜ ለሚያነሣው እጅ ትእዛዝ ሲተላለፍ፣ የትእዛዙ ግልባጭ መጽሐፉን የተሸከመውን ክንድ ወደሚመሩት ሰንሰለቶች ስለሚደርስ፣ ክርንን የሚያጥፈው ጡንቻ ክብደቱ ሳይነሣ አስቀድሞ ይላላል። ሦስተኛውንም ሙከራ አይርሱ፦ ዐይንዎን ገልጠው፣ የረዳቱ እጅ ወደ መጽሐፉ ሲመጣ እየተመለከቱ፣ መቼ እንደሚያነሣው እያወቁ መዳፍዎን ለማርጋት ይጣሩ። ማወቅዎ እንደ ራስዎ እጅ አያግዝዎትም፤ መዳፉ አሁንም ከፍ ይላል። ከፍታውን ከጎን በቆመ ማስመሪያ ለክተው በሦስቱም ሁኔታዎች አሥር አሥር ጊዜ ቢመዘግቡ ልዩነቱ በቁጥር ይታያል።