አሮጌ ቦክስተር ለትራክ ሲገዙ፦ የማይታየውን ሞተር እንዴት ይመረምሩታል?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለምንኖር የመኪና ወዳጆች፣ በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው የሰሚት ፖይንት ትራክ (የመኪና መሽቀዳደሚያ ሜዳ) በማለዳ ተነስቶ የሚደረስበት ቅርብ ቦታ ነው። ዋናው ትራክ 3.2 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 10 ኩርባዎች ሲኖሩት፣ አንድ ሰው ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ጀማሪ ከሆነም አሠልጣኝ አጠገቡ አስቀምጦ፣ የገዛ መኪናውን ያለ ትራፊክና ያለ ቅጣት እስከ አቅሙ የሚነዳባቸው ቀናት በየዓመቱ ይዘጋጁበታል። ለእንዲህ ያለው ቀን ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ ሊገዟቸው ከሚችሉ መኪኖች መካከል እኔ የማስቀድመው የመጀመሪያውን ትውልድ ፖርሽ ቦክስተር ነው። በፋብሪካው መለያ 986 ይባላል፤ ከ1996 እስከ 2004 ተመርቷል።

የማስቀድምበት ምክንያት የሞተሩ አቀማመጥ ነው። ሞተሩ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎች ደግሞ ፊት፣ መሐል ላይ ተኝቷል። ከባዱ ነገር መሐል ላይ ስለተሰበሰበ መሪው ገና ሲነካ መኪናው ይታጠፋል፤ ሁሉም ጎማዎች ሥራውን ተካፍለው ይሸከማሉ፤ ፍሬንም ሲያዝ አፍንጫው ብዙ አይደፋም። ይህ ጠባይ ግን ሌላ ገጽ አለው። በኩርባ መሐል ደንግጠው እግርዎን ከነዳጁ ላይ በድንገት ቢያነሱ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና የኋላ ጎማዎች መሬቱን ይለቃሉ፤ ቶሎ የሚታጠፍ መኪና ቶሎም ይሽከረከራል። ስለዚህ ከግዢው በፊት አንድ ቀን ከአሠልጣኝ ጋር በሌላ መኪና ተለማምዶ መምጣት መልካም ነው።

በዚሁ ዓይነት አቀማመጥ የተሠሩ ሌሎች መኪኖችም አሉ። ቶዮታ ኤም አር 2 ስፓይደር 1,000 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ የሚመዝንና ዕቃው የሚረክስ መኪና ነው፤ ሆኖም ቀደም ያሉት ምርቶች ከሞተሩ አፍ አጠገብ ያለው የጭስ ማጣሪያ እየተፈረፈረና ሞተሩ ዘይት እየበላ ባለቤቶቻቸውን ያስቸግራሉ። ሎተስ ኤሊዝ ከሁሉም ይቀላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፣ የፊቱ ወይም የኋላው አካል ደግሞ አንድ ወጥ ሆኖ ስለተሠራ ትንሽ ግጭት እንኳ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ለመጀመሪያ ትራክ መኪና ሁለቱንም ትቼ ወደ ቦክስተር እመለሳለሁ።

የትኛውን ቦክስተር? የመጀመሪያው ሞተር 2.5 ሊትር ሲሆን 201 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ለ2000 ሞዴል 2.7 ሊትሩ በ217፣ ቦክስተር ኤስ ደግሞ በ3.2 ሊትርና በ250 የፈረስ ጉልበት መጡ። ኤሱ ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮና ተለቅ ያለ ፍሬን አለው፤ ተራው ባለ 5 ማርሽ ነው። ሁሉም ሰው ኤሱን ይፈልጋል። እኔ ግን በደንብ የተያዘ ባለ 2.7 ሊትር መኪና ታሪኩ ካልታወቀ ኤስ በእጅጉ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ትራክ ላይ በፈረስ ጉልበት የሚገኘው ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ሞተር ከፈረሰ ግን የሚጠፋው ሙሉ ዓመት ነው።

ትልቁ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኮፈን ከፍቶ ሞተር ማየት የለመደ ሰው ቦክስተር ዘንድ ሲደርስ ግራ ይጋባል፤ የፊቱ ክዳን ቢከፈት የዕቃ መጫኛ ነው፣ የኋላውም ቢከፈት እንዲሁ። በኋላው በኩል የሚገኙት የዘይት መለኪያው ዘንግ፣ የዘይት መጨመሪያውና የራዲያተር ውሃ መጨመሪያው ብቻ ናቸው። ሞተሩን ከላይ ለማየት የሸራ ጣሪያውን በተለየ አኳኋን ከፍ አድርጎ መክደኛውን መፍታት፣ ከታች ለማየት ደግሞ መኪናውን በሊፍት ማንሳት ያስፈልጋል። ሻጭ መንገድ ዳር አቁሞ «ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው» ቢልዎት እሱም አላየውም፤ እርስዎም አላዩትም። ስለዚህ ሞተሩ በሌላ መንገድ እንዲናገር ማድረግ ይገባል።

የመጀመሪያው ምስክር የዘይት ማጣሪያው ነው። ሻጩን ፈቃድ ጠይቀው፣ ወጪውን እርስዎ ችለው፣ መኪናውን ወደ ጋራዥ ያስገቡና ከታች ያለው የፕላስቲክ ቆብ ተፈትቶ ማጣሪያው ይውጣ። የወረቀቱን እጥፋት በምላጭ ቆርጠው ነጭ ጨርቅ ላይ ይዘርጉት፤ ዘይቱ እስኪንጠፈጠፍ ጥቂት ይጠብቁ፤ ከዚያም በጠንካራ ብርሃን ሥር እያንዳንዱን እጥፋት በጣትዎ እየገለጡ ያንብቡት። ጥቁር ወይም ቡናማ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ከካቴና መወጠሪያው ላይ የሚረግፍ ስለሆነ በመጠኑ ቢገኝ አያስደንቅም። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካዩ ግን ማግኔት ያስጠጉለት። ማግኔቱ ካነሳው ብረት ነው፤ ይህም የኩሽኔታ (ዘንግ የሚዞርበት ባለ ኳስ የብረት ቀለበት) መፈርፈር ሊሆን ስለሚችል ሻጩን አመስግነው ይመለሱ።

ይህ ኩሽኔታ ስለዚህ መኪና በተነሳ ቁጥር የሚነሳው ነው። ሞተሩ ውስጥ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) የሚያዞረው፣ እሱ ደግሞ በካቴና አማካይነት በግራና በቀኝ ያሉትን ካምሻፍቶች (ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች) የሚያዞር መካከለኛ ዘንግ አለ፤ የዘንጉ የኋላ ጫፍ በካምቢዮው በኩል በአንድ ኩሽኔታ ላይ ተቀምጧል። ኩሽኔታው በፋብሪካ ግራሶ ተሞልቶ የታሸገ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ እሽጉ ይላላና የሞተሩ ዘይት ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል። ኩሽኔታው ከተሰበረ ዘንጉ ይወላገዳል፣ ካቴናው ይዘላል፣ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ አለቀ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባለ ሁለት ረድፍ ኩሽኔታ ይገባ ነበር፤ ከ2000 አካባቢ ጀምሮ የተተካው ባለ አንድ ረድፉ ነው ይበልጥ የሚሰበረው። መልካሙ ነገር፣ የ986 ኩሽኔታ ካምቢዮው ወርዶ ሞተሩ ሳይከፈት ሊለወጥ መቻሉ ነው። ፍሪሲዮን ሲለወጥ ካምቢዮው መውረዱ ስለማይቀር፣ ኩሽኔታው፣ ፍሪሲዮኑና የኮሎው የኋላ ፓራሎዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ቀለበት) በአንድ ጊዜ የተለወጡበትን ደረሰኝ ሻጩን ይጠይቁት። ደረሰኝ ከሌለ አልተለወጠም ብለው ያስቡ፤ ወጪውንም ከዋጋው ላይ ይቀንሱ።

ሁለተኛው ምስክር የመኪናው ኮምፒውተር ነው፤ በመመርመሪያ መሣሪያ ይነበባል። ከ2000 ሞዴል ጀምሮ ያሉት መኪኖች ሞተሩ ከልኩ በላይ የዞረባቸውን ጊዜያት በሁለት ደረጃ ይመዘግባሉ። የመጀመሪያው ደረጃ ነጂው ነዳጁን ረግጦ ከተፈቀደው የዙር ጣሪያ ሲደርስ የሚቆጠር ስለሆነ ብዙ አያስፈራም። ሁለተኛው ግን በነዳጅ ብቻ የማይደረስበት ነው፤ ለምሳሌ ከ5ኛ ወደ 4ኛ ማርሽ ሲሉ በስህተት 2ኛ ሲገባ ጎማዎቹ ሞተሩን አስገድደው ያዞሩታል። በዚህ መዝገብ ላይ ቁጥር ካገኙ በስንተኛው የሞተር ሰዓት እንደተከሰተ ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ መኪናው ብዙ መቶ ሰዓት ሠርቶ ከሆነ አልፎለታል፤ ባለፈው ወር የሆነ ከሆነ ግን አይንኩት። በዚሁ መሣሪያ ሞተሩ ሞቆ ቀስ ብሎ ሲዞር የካምሻፍቶቹ መዛነፍ፣ ማለትም ከትክክለኛ ቦታቸው የራቁበት መጠን፣ በዲግሪ ይነበባል፤ ቁጥሩ ለዜሮ የቀረበና የማይዋዥቅ መሆን አለበት።

ውሃውን ቸል አይበሉ። ራዲያተሮቹ ከፊት መከላከያው ውስጥ በግራና በቀኝ ተቀምጠዋል፤ ኤሱ መሐል ላይ ሦስተኛ አለው። በአየር መግቢያዎቹ የገባ ቅጠል ተከማችቶ ይበሰብስና ራዲያተሩን ይበላዋል፤ በባትሪ መብራት አጎንብሰው ይመልከቱት። የውሃ ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ዕድሜው ሲገፋ ስለሚሰነጠቅ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ምንጣፍ ገልጠው በእጅዎ ይዳስሱ፤ እርጥበትና ጣፋጭ ሽታ ካለ ተሰንጥቋል። የውሃ ፓምፑ መቅዘፊያ ፕላስቲክ ነው፤ ከተሰባበረ ስብርባሪው በውሃው መንገድ ስለሚሰራጭ መቼ እንደተለወጠ ካልታወቀ አስቀድሞ መለወጥ ነው።

በራሴ የደረሰውን ልንገርዎ። ቀድሞ የገዛሁት ቦክስተር ምንጣፉ ደርቆ፣ ተጠርጎ፣ ሽቶ ተረጭቶ ነበር የቀረበልኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዝናብ ጣለና ጠዋት ቁልፉ በሩን አልከፍት፣ ሞተሩንም አላስነሳ አለ። የሸራ ጣሪያው ውሃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች በቅጠል ተደፍነው ስለነበር ውሃው ወደ ውስጥ ፈስሷል፤ ቁልፉን የሚያውቀው የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን ደግሞ የተቀመጠው በሾፌሩ መቀመጫ ሥር፣ ከሁሉም ዝቅ ባለው ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፍቼ እጄን ከምንጣፉ ሥር ሳላስገባ አንድም ቦክስተር መርምሬ አላውቅም። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

መኪናው ለትራክ ስለሚውል የተለየ ትኩረት የሚሹ ነገሮች አሉ። ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ ፓምፑ አየር ሊስብ ይችላል፤ ዘይቱን የሚገድብ ማከፋፈያ ያለበት ወይም ጠለቅ ያለ የዘይት ቋት የተገጠመለት መኪና ካገኙ የቀድሞው ባለቤት አዋቂ ነበር ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ነጭ ጭስ እንደ ደመና ከወጣና ካልቆመ፣ ዘይትን ከአየር የሚለየው ክፍል ተቀዷል፤ ዕቃው ውድ ባይሆንም መድረሻው ያስቸግራል። የኤሱ የፍሬን ዲስኮች የተበሱ ስለሆኑ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚሄድ ስንጥቅ እንዳለ ይመልከቱ። ጎማዎቹ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ፦ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም የደረቀ ጎማ ለትራክ አይሆንም።

ጣሪያው ሸራ ስለሆነ የቁመትዎ ነገር አለ። ብዙ የትራክ አዘጋጆች ከመቀመጫው ጀርባ ካለው የብረት ቀስት እስከ ፊት መስታወቱ አናት ድረስ እንጨት አጋድመው የሄልሜትዎ ጫፍ ከእንጨቱ በታች መሆኑን ያያሉ። ረጅም ሰው ከሆኑ ይህን ሄልሜት አድርገው መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ፤ የአዘጋጁንም ደንብ አስቀድመው ያንብቡ። ኢንሹራንስዎንም እንዲሁ፤ የመንገድ ኢንሹራንስ በአብዛኛው ትራክ ላይ የደረሰን ጉዳት ስለማይሸፍን ለዕለቱ የሚገዛውን ልዩ ኢንሹራንስ በወጪዎ ውስጥ ያስገቡት።

ስለ ገንዘቡ የምመክረው አንድ ነው፦ 10 ሺህ ዶላር ካለዎት 7 ሺህ የሚያወጣ መኪና ይግዙ። የቀረው ለፍሬን ሸራ፣ ሙቀት ለሚችል አዲስ የፍሬን ዘይት፣ ለጎማ፣ ለውሃ ፓምፕና ለዘይት ነው። የማይሉ ቁጥር ማነስ አያታልልዎ። 120 ሺህ ማይል ሄዶ ደረሰኙ በፋይል የተቀመጠለት መኪና፣ 40 ሺህ ሄዶ ዓመታት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ከቆመው ይመረጣል፤ የቆመ መኪና ጎሚኒው ይደርቃል፣ ዘይቱም ያረጃል።

ገዝተው የመጀመሪያውን ዙር ነድተው ሲመለሱ መኪናው እስኪበርድ ይጠብቁ። ከዚያም የጎማ ብሎኖቹን በመለኪያ ቁልፍ በ130 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፤ የዘይቱን ልክ በዘንጉ ይመልከቱ። ሁለት የትራክ ቀናት ካለፉ በኋላ ዘይቱን ለውጠው ማጣሪያውን እንደገና ነጭ ጨርቅ ላይ ይዘርጉት፣ ፎቶም አንስተው በግዢው ቀን ካነሱት ፎቶ ጎን ያስቀምጡት።